ያረጀ የኢሜይል ፕሮግራም ሲቀየር ሥራው የሚጀምረው ከፕሮግራሙ አይደለም

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠቱን አቆመ። በዚያው ዕለት የኦፊስ 2016 እና የኦፊስ 2019 ድጋፍም አበቃ። አብሯቸው የሚመጣው የኢሜይል ፕሮግራም አውትሉክ ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንለት የለም ማለት ነው። ዜናው በብዙ ቢሮዎች ማንንም አላስደነገጠም። በሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ያለው አውትሉክ 2010 ድጋፉ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ አሁንም ግን ይከፈታል፣ ይልካል፣ ይቀበላል። አደጋውን ለተጠቃሚው ማስረዳት የሚያስቸግረውም በዚህ የተነሳ ነው። የኢሜይል ፕሮግራም ሲያረጅ ሥራውን አያቆምም።

አደጋው ግን እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ አውትሉክ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ደፍኖ ነበር። አጥቂው የሚልከው የቀጠሮ ማስታወሻ ነው። ማስታወሻው ሲደርስ የሚሰማው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ የሚነግር መስመር በውስጡ አለ፤ አጥቂው ይህን መስመር ወደ ራሱ ሰርቨር ያዞረዋል። አውትሉክ ድምፁን ለማምጣት ሲሄድ ከተጠቃሚው የይለፍ ቃል የተቀመረውን ሃሽ (አጥቂው በተጠቃሚው ስም ለመግባት ሊጠቀምበት የሚችል ኮድ) ለአጥቂው ያስረክባል። ተጠቃሚው ምንም አልከፈተም፣ ምንም አልነካም። «የማያውቁትን አባሪ አይክፈቱ» የሚለው የዘወትር ምክር እዚህ ላይ ዋጋ የለውም፤ ዋናው መከላከያ የተሻሻለ ፕሮግራም ነው። አውትሉክ 2010 ላይ ደግሞ ማሻሻያው አልመጣም።

በእኛ አገር ቢሮዎች ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ብዙው ኦፊስ በክራክ (የፈቃድ ቁልፉን በሚሰብር ፕሮግራም) የተጫነ ነው፤ ክራኩ እንዲሠራ ጫኚው መጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን ያጠፋዋል፣ ከዚያም መልሶ ሳያበራው ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄው «አውትሉክ ወይስ ሌላ?» ብቻ አይደለም። ያልተከፈለበት፣ የማይታደስና ጥበቃው የተነሳለት ፕሮግራም በድርጅቱ የገንዘብ ደብዳቤዎች ላይ ተቀምጧል።

አማራጮቹ ብዙ አይደሉም። ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ የነበረው «ሜይል» የተባለው ቀላል ፕሮግራም ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ቀን አብቅቷል። በቦታው የመጣው አዲሱ አውትሉክ ነጻ ነው፤ ሆኖም የጂሜይል ወይም የድርጅት አይማፕ አካውንት (ደብዳቤው በሰርቨሩ ላይ እየቆየ የሚነበብበት) ሲገባበት ደብዳቤዎቹ ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨሮች ይገለበጣሉ። ቤት ውስጥ ለሚጠቀም ሰው ይህ የዓለም ፍጻሜ አይደለም። የራሱ የኢሜይል ሰርቨር ያለው ጠበቃ፣ ክሊኒክ ወይም አስመጪ ግን ሳይነገረው ሊገባበት አይገባም። በእኛ ግምገማ ከአሮጌ አውትሉክ ለሚወጣ ሰው ቀጥተኛው መንገድ ተንደርበርድ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ነው፦ ነጻ ነው፣ በየጊዜው ይታደሳል፣ ደብዳቤዎቹን በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል፣ ከውጭ የሚመጡ ምስሎችንም ሳይፈቀድለት አይጭንም። ዊንዶውስ 7 ላይ ግን አይሆንም፤ እዚያ ላይ የሚጫነው የመጨረሻው እትም 115 ነው፣ እርሱም መታደሱን አቁሟል። ደብዳቤውን በስልኩ ጂሜይል ወይም በታደሰ ብራውዘር ብቻ የሚያነብ ሰው ደግሞ ምንም ፕሮግራም አያስፈልገውም፤ ባለበት መተው ነው።

ተጠቃሚዎች ወደ አሮጌው ፕሮግራም የሚመለሱት ግትር ስለሆኑ አይደለም። በማግስቱ አንድ ነገር ስለሚያጡ ነው፦ የሦስት ዓመት ፕሮፎርማ፣ የአንድ ደንበኛ አድራሻ፣ መልስ የሚጻፍበት ቦታ። ፕሮግራሙን የሚቀይርላቸው አጋዥ ሥራ ከሞላ ጎደል ይህ ማግስት እንዳይመጣ ማድረግ ነው።

ቅድሚያ አካውንቱ

ማንኛውም ነገር ከመጫኑ በፊት አካውንቱ ራሱ ይፈተሽ። ቀድሞ የተጠለፈ ከሆነ አዲሱ ፕሮግራም ሌባውንም ባለቤቱንም እኩል ያገለግላል። በጂሜይል ድረ ገጽ «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብቶ የማስተላለፊያውን ክፍል ማየት፣ ባለቤቱ የማያውቀው አድራሻ ካለ ማጥፋት፤ ቀጥሎ «ፊልተርስ» ውስጥ ደብዳቤ ወደ ሌላ የሚልክ፣ ወደ ቆሻሻ የሚጥል ወይም እንደተነበበ የሚያደርግ ደንብ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። አስመጪዎችን የሚያጠቁ አጭበርባሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በዚህ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ገብተው የደብዳቤ ልውውጡን በዝምታ ይከታተላሉ፤ የክፍያው ጊዜ ሲደርስ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ቀይረው በአቅራቢው ስም ይጽፋሉ፤ የእውነተኛው አቅራቢ ደብዳቤ ደግሞ በደንቡ አማካይነት ከባለቤቱ ዓይን ይሰወራል። የይለፍ ቃል መቀየር ይህን ደንብ አያጠፋውም።

ከዚያ የማስመለሻ ስልክ ቁጥሩ አለ። ከሪያድ፣ ከዱባይ ወይም ከቤይሩት ተመልሰው የመጡ ብዙ ሰዎች አካውንታቸው ላይ የተመዘገበው እዚያ ቀርቶ የተዘጋ ሲም ነው። አገር ውስጥም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ሳይስተካከል ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ በስልክ የሚደረግ ማረጋገጫ) ቢበራ ባለቤቱ ራሱ ከውጭ ይቆለፍበታል፤ ጥፋተኛ የሚባለው ደግሞ አዲሱ ፕሮግራም ይሆናል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አሁን በእጅ ያለው ቁጥር ይመዝገብ፤ ቀጥሎ ማረጋገጫው ይብራ፤ በመጨረሻ ጉግል የሚሰጣቸው ባለ 8 አኃዝ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ታትመው ከፓስፖርቱ ጋር ይቀመጡ። ስልክ ውስጥ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ኮዶቹ የሚፈለጉት ስልኩ የጠፋ ዕለት ነው።

አሮጌው ፕሮግራም ከጂሜይል ጋር እንዴት እየተገናኘ እንደሆነም መታወቅ አለበት። ጉግል እ.ኤ.አ. ከሜይ 30 ቀን 2022 ጀምሮ በግል አካውንቶች ላይ ተራ የይለፍ ቃል ብቻ ይዞ የሚመጣ ፕሮግራም አይቀበልም። ማይክሮሶፍትም በሆትሜይልና በአውትሉክ.ኮም የግል አካውንቶች ላይ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 16 ቀን 2024 ጀምሮ እንዲሁ አድርጓል። እንግዲህ አውትሉክ 2010 እስከ ዛሬ ጂሜይል እያመጣ ከሆነ አንድ ሰው ባለ 16 ፊደል የመተግበሪያ ይለፍ ቃል አውጥቶለታል ማለት ነው። ይህ ቃል ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዘሎ የሚገባ ቁልፍ ነው። ለጊዜው ይተው፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ደብዳቤዎቹ የት ናቸው?

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው። አካውንቱ ፖፕ በተባለው የመቀበያ ዘዴ ከተዘጋጀ ደብዳቤው ከሰርቨሩ ወርዶ በዚያ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። በአውትሉክ «አካውንት ሴቲንግስ» ውስጥ «ዳታ ፋይልስ» የሚለው ገጽ አውትሉክ ደብዳቤዎቹን የሚያስቀምጥበት የፒኤስቲ ፋይል የት እንዳለ ይነግራል። አውትሉክ ተዘግቶ ይህ ፋይል ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልበጥ። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ የተገለበጠ ፒኤስቲ ጎደሎ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናው ከጠፋ በኋላ ነው።

ወደ ተንደርበርድ የማሻገሪያው ንጹሕ መንገድ በሰርቨሩ በኩል ማለፍ ነው። በአሮጌው አውትሉክ ያው አካውንት በአይማፕ ሁለተኛ ጊዜ ይጨመራል፤ አሮጌዎቹ ማህደሮች ወደ አይማፑ እየተጎተቱ ይገለበጣሉ። በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ደብዳቤ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግንኙነቱ ሲቆራረጥ የትኛው አልፎ የትኛው እንደቀረ ማወቅ ያቅታል። «ሙቭ» ሳይሆን «ኮፒ» ይደረግ። ጂሜይል በአይማፕ በኩል በቀን የሚቀበለው እስከ 500 ሜጋባይት ነው፤ 3 ጊጋባይት ያለው ሰው ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፣ ይህም አስቀድሞ ይነገረው። ነጻው 15 ጊጋባይት ከፎቶዎቹና ከድራይቭ ጋር የሚጋራ መሆኑም አይረሳ፤ ብዙ ሰው ሣጥኑ የሚሞላበት በደብዳቤ ሳይሆን ከስልኩ በሚወጡ ፎቶዎች ነው።

የድርጅቱ ሰርቨር ጠባብ ከሆነ ደግሞ የተንደርበርድ «ኢምፖርት» በቀጥታ ከአውትሉክ መውሰድ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት አንድ ነገር አለ፦ አውትሉኩ ባለ 32 ቢት ሆኖ ተንደርበርዱ ባለ 64 ቢት ከሆነ ማስገባቱ አይሳካም፤ የስህተት መልእክቱም ምክንያቱን አይናገርም። አውትሉኩ በኮምፒውተሩ ላይ እንደ ዋና የኢሜይል ፕሮግራም መመረጥም አለበት። ባለ 32 ቢት ተንደርበርድ ጭኖ አስገብቶ በኋላ ወደ 64 መቀየር ይቻላል።

የአድራሻ መዝገቡ የአማርኛ ተጠቃሚ ብቻ የሚያውቀው ችግር አለበት። አሮጌ አውትሉክ አድራሻዎችን በሲኤስቪ (ዝርዝርን በተራ ጽሑፍ በሚይዝ ፋይል) ሲያወጣ በዊንዶውስ የቆየ የፊደል ኮድ ነው፤ በዚያ ኮድ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። «ወይዘሮ አልማዝ» የነበረው የጥያቄ ምልክት ክምር ሆኖ ይወጣል። የኢሜይል አድራሻው ራሱ በላቲን ፊደል ስለሆነ ይተርፋል፣ የሚጠፋው ስሙ ነው። ስለዚህ ፋይሉን ከማስገባት በፊት በኖትፓድ ከፍቶ ማየት፤ የጥያቄ ምልክት ካለ ስሞቹን ከአውትሉኩ እያዩ እንደገና መጻፍ፤ ሲቀመጥም የግዕዝን ፊደል በሚይዘው ዩቲኤፍ-8 ኮድ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። አሰልቺ ነው፤ ግን ከመቶ ሰው አድራሻ ውስጥ በአማርኛ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ጥቂቱ ነው።

ተንደርበርድን ማዘጋጀት

ጂሜይል ሲገባ ተንደርበርድ የጉግልን መግቢያ ገጽ ራሱ ይከፍታል፤ የይለፍ ቃሉ የሚጻፈው ለጉግል እንጂ ለተንደርበርድ አይደለም፣ የመተግበሪያ ይለፍ ቃልም አያስፈልግም። በድርጅት ሰርቨር ላይ ግን አድራሻዎቹ በእጅ ሊገቡ ይችላሉ። የፖርት ቁጥሮቹ ለመቀበያ አይማፕ 993፣ ለመላኪያ 465 ወይም 587፣ ሁለቱም በምስጠራ። አሮጌው አውትሉክ 110 ወይም 143 ላይ ያለምስጠራ ተዘጋጅቶ ከሆነ የይለፍ ቃሉ በየሆቴሉ ዋይፋይ ላይ ግልጽ ሆኖ ሲጓዝ ኖሯል፤ ስለዚህ ይቀየር። የሰርተፍኬት (የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጥ ሰነድ) ማስጠንቀቂያ ከመጣ «እሺ» ተብሎ አይታለፍ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በድርጅቱ ስም የተሰየመው የኢሜይል ሰርቨር በአስተናጋጁ ሰርተፍኬት ላይ አለመኖሩ ነው፤ በምትኩ የአስተናጋጁን የራሱን የሰርቨር ስም መጻፍ ማስጠንቀቂያውን ያስቀራል። በመጀመሪያው ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲያልፍ የተነገረው ሰው ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም ሁሉ ያልፋል።

አካውንቱ እንደገባ ተንደርበርድ የአይማፕ ደብዳቤዎችን በሙሉ ማውረድ ይጀምራል። በሞባይል ዳታ ላይ ይህ የወሩን ጥቅል በአንድ ከሰዓት ሊጨርሰው ይችላል። በ«አካውንት ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲንክሮናይዜሽን ኤንድ ስቶሬጅ» ተከፍቶ የቅርቡን 30 ቀን ብቻ እንዲያመጣ ማድረግ፣ ከተወሰነ ኪሎባይት በላይ የሆነውንም ሳይጠየቅ እንዳያወርድ ማዘዝ ይቻላል። ይህ የሚስተካከለው በዋይፋይ ላይ ሆኖ ነው።

ሁለት የደኅንነት ቅንብሮች በእጅ ይታዩ። አንደኛው የጸረ ቫይረስ ነው። ተንደርበርድ አንድን ማህደር በአንድ ፋይል ስለሚያስቀምጥ ጸረ ቫይረሱ በአንድ ደብዳቤ ምክንያት ሙሉውን የገቢ ሣጥን ሊያግደው ይችላል፤ በ«ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ እያንዳንዱ ደብዳቤ ለየብቻ እንዲታገድ የሚፈቅደው ምርጫ ይመረጥ። ሁለተኛው የላኪው አድራሻ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ላሉ ሰዎች ስም ብቻ የሚያሳየው ምርጫ ምልክት ካለው ይነሳ፤ ስም ማንም ሊጽፈው ይችላል፣ አታላዩን የሚያጋልጠው ሙሉ አድራሻው ነው።

አንዳንድ መመሪያዎች ደብዳቤ ሁሉ በተራ ጽሑፍ ብቻ እንዲታይ ይመክራሉ። ለአማርኛ ተጠቃሚ አይስማማም። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ደብዳቤዎች የሚነበቡት የፊደሉ ዓይነት ተጠብቆ ሲቆይ ብቻ ነው፤ ተራ ጽሑፍ ሲሆኑ የላቲን ፊደል ትርምስ ይሆናሉ። ተጠቃሚው የ20 ዓመት ደብዳቤው የጠፋ ይመስለዋል። መልኩን እንዳለ ትቶ የውጭ ምስሎችን ማገዱ ይበቃል፤ እገዳው ደግሞ ከመጀመሪያው የበራ ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ አንድ ጥንቃቄ ይታከል። ተንደርበርድ አልፎ አልፎ ማህደሮቹን ለማጠጋጋት (የተሰረዙ ደብዳቤዎች የያዙትን ቦታ ለማስለቀቅ) ይጠይቃል፤ በዚያ መካከል ኮምፒውተሩ ድንገት ቢጠፋ ማህደሩ ሊበላሽ ይችላል። ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ ከሆነ ጥያቄው ሲመጣ ሌላ ጊዜ ይባል፣ መብራት ሲረጋጋም በእጅ ይደረግ።

የማግስቱ ቀን

አሁን የሚቀረው ትንንሽ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው ግን እዚህ ነው። ተንደርበርድ መልስ ሲጻፍ ጠቋሚውን ከተጠቀሰው ደብዳቤ ሥር ያስቀምጠዋል። አውትሉክን የለመደ ሰው ባዶ ቦታ ከላይ ይጠብቃል፣ ሲያጣውም ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስለዋል። በ«ኮምፖዚሽን ኤንድ አድሬሲንግ» ውስጥ መልሱ ከላይ እንዲጀምር ይደረግ። የደብዳቤ ዝርዝሩ በካርድ መልክ ከታየ ወደ ሠንጠረዥ፣ አቀማመጡም ወደ «ክላሲክ» ይመለስ። ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች የፊደል መጠኑ ከሦስቱ አግድም መስመሮች ሥር ባለው ምናሌ ይጨመራል። ምናሌው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዘወትር የሚነኩትን አምስት ስድስት ቃላት ከአማርኛ ፍቺያቸው ጋር በትልቁ ጽፎ ከስክሪኑ አጠገብ መለጠፍ ከአንድ ሰዓት ሥልጠና ይሻላል። ሥልጠናውም ቢሆን ባለቤቱ ራሱ ማውሱን ይዞ፣ አጋዡ እጁን ሰብስቦ መሆን አለበት።

ከዋሽንግተን ወይም ከጂዳ ሆኖ ወላጁን የሚያግዝ ልጅ «አባባ፣ ከላይ በቀኝ በኩል ሦስት መስመር ይታይዎታል?» እያለ በስልክ ከሚደክም ኮድ ሲገባ ስክሪኑን ከሩቅ ለማየትና ለመቆጣጠር የሚያስችለውን የዊንዶውስ «ኩዊክ አሲስት» ቢጠቀም ይቀለዋል። ደዋዩ ራሱ ልጁ መሆኑ ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ቁጥር መረጋገጥ አለበት። ከ«ማይክሮሶፍት» ወይም ከ«ባንክ» ነኝ ብሎ የደወለ ሰው የሰጠውን ኮድ ፈጽሞ ማስገባት አይገባም፤ አጭበርባሪዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ መሣሪያ ነው።

ፕሮግራሙ የማይከላከለውም ይነገር። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባወጣው ዘገባ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የተጠቁት በኢሜይል በመጣ ሊንክ ነበር። ሊንኩ ኢስትአፍሮ የተባለውን የኤርትራ የቪዲዮ ድረ ገጽ አስመስሎ ወደተሠራ ገጽ ይወስዳል፤ ቪዲዮውን ለማየት የፍላሽ ማሻሻያ መጫን ያስፈልጋል ይላል፤ የሚጫነው ግን የስለላ ፕሮግራም ነው። የትኛውም የኢሜይል ፕሮግራም ይህን አያቆመውም ነበር። በደብዳቤ በመጣ ሊንክ በኩል ምንም ነገር አለመጫን፣ የተቀየረ የባንክ ሒሳብ ቁጥርንም በቆየው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ከፕሮግራም ውጭ የሚያዙ ልማዶች ናቸው።

አሮጌው አውትሉክ በመጀመሪያው ቀን አይነቀል። ለሁለት ሳምንት ያህል ለማንበብ ብቻ ይቆይ፤ አዶው ግን ከዴስክቶፕና ከተግባር አሞሌው ይነሳ፣ ደብዳቤ በራሱ እንዳያመጣም ይደረግ። አካውንቱ በፖፕ እንደሆነ ከቀረና ሁለቱም ደብዳቤ ካመጡ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይሆንና ማንም መልሶ አያሰባስበውም። ባለቤቱ የሚፈልገውን ሁሉ በተንደርበርድ ማግኘቱ ሲረጋገጥ ወደ ጉግል አካውንቱ የደኅንነት ገጽ ተገብቶ ቀደም ሲል ያነሳነው ባለ 16 ፊደል የመተግበሪያ ይለፍ ቃል ይሰረዝ። አሮጌው ፕሮግራም በዚያች ደቂቃ መግቢያ ያጣል፤ ያ ቃል ቀድሞ በሌላ እጅ ገብቶ ከነበረም ያው በር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ አውትሉኩን ከነክራኩ ማራገፍ፣ ጸረ ቫይረሱን መልሶ ማብራትና ኮምፒውተሩን አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ማስፈተሽ ይቀራል። በውጫዊ ዲስኩ ላይ ያለው ፒኤስቲ ግን ቢያንስ አንድ የግብር ዓመት እስኪዘጋ ይቆይ።